ሕግ ከመውጣቱ በፊት እንነጋገር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረቡት ንግግር)






 በእንዲህ ያለ ቀን የሚነገረው ስለተሠራው ሥራ ነው። ስለማዳበሪያው፣ ስለምርጥ ዘሩ፣ ስለወተቱና ስለድርቆሹ ገበያ፣ ስለትርፍ ክፍፍሉም ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ገልጸውታል። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አካባቢ ማህበራት መዝገብ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በመሆኑም ዛሬ በመዝገብ ላይ ስለማይጻፍ፣ ነገር ግን መዝገቡን ሁሉ ስለሚወስን ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ይኸውም ገንዘባችንን የሚመለከቱ ሕጎች ሲወጡ ማን ይናገራል፣ ማንስ ይሰማል የሚለው ነው።

አንድ አባት የጠየቁኝ ጥያቄ

በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከሰበታ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የመሠረታዊ ማህበር ሂሳብ ለመመርመር ሄጄ ነበር። በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማዳበሪያ ደረሰኝ ስደምር አንድ ሸምገል ያሉ አባት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የባንክ ደብተር አውጥተው ሰጡኝና «ልጄ፣ አንተ የገንዘብ ሰው ነህ አሉ፤ ይኼን ምን ባደርገው ይሻላል?» አሉኝ። መሬታቸው ለልማት ተወስዶ የተከፈላቸው ካሣ ነበር። እሳቸው በዕድሜያቸው ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘው አያውቁም። እኔም እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። «አይቸኩሉ አባቴ፣ ለጊዜው ባንክ ይቆይ» ብዬ ወደ ደረሰኜ ተመለስኩ። የእኛ ሙያ ያለፈውን ዓመት ገቢና ወጪ መቁጠር ነው ብዬም ራሴን አጽናናሁ። በሦስተኛው ዓመት ስመለስ ገንዘቡ አሮጌ አይሱዙ ሆኖ፣ አይሱዙውም ሞተሩ ተነክሶ በግቢያቸው ቆሞ አገኘሁት። መኪናውን እንዲገዙ የመከራቸው ደላላ ነበር። ደላላው ኮሚሽኑን የወሰደው ደግሞ ከሻጩ ነው።

እኚያ አባት የሞኝ ሥራ አልሠሩም። ብልህ ሰው የሚያደርገውን አድርገዋል፤ ከመግዛታቸው በፊት አማካሪ ፈልገዋል። ያገኙት አማካሪ ግን የሚሠራው ለሌላ ሰው ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በገንዘብ ጉዳይ የሚያማክር ሰው የሚሠራው ለማን ነው? ይህን የሚወስነው የሰውየው ጠባይ ብቻ ነውን? አይደለም። አማካሪው ማንን ማገልገል እንዳለበት፣ ክፍያውን ከማን እንደሚወስድ፣ ቢያሳስት ምን እንደሚጠብቀው የሚወስን ሕግ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ሕግ አውጪዎችም ይህን የሚወስኑት የሰሙትን ሰምተው ነው። ያልተናገረ አይሰማም። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ለዚህ ነው።

አሥር ወይስ አሥራ አምስት?

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ የሩቅ ነገር አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሦስቱም የአዲስ አበባ ደጃፍ ናቸው። ቀደም ሲል በፊንፊኔ ዙሪያ ኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ነበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሸገር ከተማ አስተዳደር ታቅፈዋል። ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻው፣ የመኖሪያ ቤት ሠፈሩ፣ መንገዱ ሁሉ የመጣው በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ካሣ የሚለውን ቃል የምታውቁት በጆሮ ሳይሆን በኑሮ ነው።

እስቲ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለቋሚነት ለሚለቅ ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ተካው። በአዲሱ ሕግ ስሌቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ የሆነው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው 30,000 ብር ነው እንበል። በቀድሞው ስሌት የሚያገኘው 300,000 ብር ነው። ይኸው ገበሬ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ በአንዱ ጥሩ ዓመት 40,000 ብር አግኝቶ ከነበረ፣ በአዲሱ ስሌት 600,000 ብር ይደርሰዋል። መሬቱ ያው መሬት፣ ገበሬውም ያው ገበሬ ነው። እጥፍ ልዩነት ያመጡት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «አማካይ» የሚለው «ከፍተኛ» ሆነ፣ «አሥር» የሚለው «አሥራ አምስት» ሆነ። ከዚህ የበለጠ የሕግ ቃል ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

እነዚህ ቃላት ዝም ብለው በራሳቸው አልተለወጡም። ከብዙ ዓመት ቅሬታ በኋላ ነው የተለወጡት። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢና በመላው ኦሮሚያ መሬትን የተመለከተ ቅሬታ ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ሁላችንም እናስታውሳለን። ለሞቱት ነፍስ ይማር። እኔ ከዚያ የተማርኩት በጊዜው በጠረጴዛ ዙሪያ ያልተሰማ ቃል በኋላ በከባድ ዋጋ እንደሚሰማ ነው። ስለዚህ ቀድሞ፣ በሰላም፣ በሕጉ በር ገብቶ መናገርን መልመድ አለብን።

የሙያ ማህበራት እንዴት ይናገራሉ?

ይህን ከለመዱት መካከል የሙያ ማህበራት ይገኛሉ። በአገራችን የሂሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮች የሙያ ማህበር የተመሠረተው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ለረዥም ጊዜ የግል ኦዲተሮች የሥራ ፈቃድ የሚያገኙት ከዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2007 የአገራችንን የሂሳብ አያያዝና የኦዲት ሁኔታ ገምግሞ ማሻሻያ እንዲደረግ መክሯል። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። ዛሬ የሙያውን ሰዎች የሚመዘግበው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ይህ ቦርድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ በር ተከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያን መሠረት ጣለ፤ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም በዚሁ ሕግ ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በዚህ ሥርዓት ስለአክሲዮንና ስለመሰል ሰነዶች በክፍያ የሚያማክር ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚመለከተው ስለሰነደ መዋዕለ ንዋይ የሚያማክረውን ነው። ከሰበታ ወጣ ብለው ለሚኖሩት አባት አይሱዙ ግዙ ያላቸውን ደላላ አይመለከትም። የካሣ ገንዘብ በኪሱ የያዘ ገበሬ በመጀመሪያ የሚያገኘው አማካሪ ግን ይኸኛው ነው።

እንግዲህ የሙያ ማህበር በሕግ ረቂቅ ላይ ሲናገር ምን ያደርጋል? ረቂቁን ያነባል። አንቀጽ በአንቀጽ አስተያየት ይጽፋል። ምክር ቤቱ በሚጠራው መድረክ ላይ ተገኝቶ ያስረዳል። በዘመኑ ቋንቋ አድቮኬሲ፣ በአማርኛው ውትወታ የሚባለው ይህ ነው። ውትወታ ደጅ መጥናትም እጅ መንሻ መያዝም አይደለም። እጅ መንሻ ከገባበት ስሙ ሌላ፣ ቅጣቱም ሌላ ነው።

በዚህ ረገድ ሕጉም ሰፋ ብሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ነክ ሥራዎች እንዳይሰማሩ ይገድብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 እሱን ተክቶ፣ ድርጅቶች ከሚሠሩት ሥራ ጋር ግንኙነት ያላቸው ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲወጡ ወይም እንዲሻሻሉ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ ደንግጓል። የህብረት ሥራ ማህበራት የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው። ይሁን እንጂ የሁላችንም መሠረት የሆነው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። መብቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ልምዱ ነው።

ሙያተኛ ስለሕግ ሲናገር ስለእንጀራውም ይናገራል

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ሰዎች ላማ ነው፤ አትታዘቡኝ። የሙያ ማህበር ሁለት አፍ አለው። በአንዱ ስለሕዝብ ጥቅም፣ በሌላው ስለአባሎቹ እንጀራ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ይለያያሉ።

ከባህር ማዶ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመሠረተ፣ ዛሬ ብሔራዊ የኢንሹራንስና የፋይናንስ አማካሪዎች ማህበር ተብሎ የሚጠራ ድርጅት አለ። አባላቱን ወደ ዋሽንግተን እየጠራ ከየአካባቢያቸው ተመራጮች ጋር ያገናኛል። የሕግ አውጪው አባል ከሩቅ ጠበቃ ይልቅ የራሱን መራጭ እንደሚሰማ ያውቃሉና። ይህ አሠራር ልንማርበት የሚገባ ነው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር አንድ ደንብ አወጣ። የጡረታ ቁጠባን በተመለከተ በክፍያ የሚያማክር ሰው ከራሱ ኮሚሽን ይልቅ የቆጣቢውን ጥቅም እንዲያስቀድም የሚያስገድድ ነበር። ይህ ማህበርም ከሌሎች ጋር ሆኖ ደንቡን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ። ክርክራቸው ደንቡ ወጪ ስለሚያበዛ አነስተኛ ቆጣቢዎች አማካሪ ያጣሉ የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ ኮሚሽን ከሻጭ የሚቀበል አማካሪ የገዢው ወዳጅ ሊሆን አይችልም አሉ። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለእነርሱ እንተወው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ክርክሩ ያው የሰበታው አባት ክርክር መሆኑ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ከማን ወሰደ? ሀብታም በተባለው አገርም ጥያቄው ይኸው ነው። የሙያ ማህበር ጠንክሮ ሲናገር ቆጣቢው ራሱ ካልተናገረ፣ ሕግ አውጪው የሚሰማው አንዱን ወገን ብቻ ይሆናል።

በአገራችንም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር ሊገጥም ይችላል። እኔና የሙያ ጓደኞቼ «ማንኛውም ማህበር ፈቃድ ባለው ኦዲተር ይመርመር» ብንል የሚያስወቅሰን አይደለም፤ የአባላትን ገንዘብ ይጠብቃልና። ግን የኦዲተሩን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ሃምሳ ኩንታል ስንዴ ሸጦ ዓመቱን የሚዘጋ መሠረታዊ ማህበር ክፍያውን ከየት ያመጣል? በሌላ በኩል ከህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሚላከው መርማሪ ያለክፍያ ይመጣል፤ ባለሙያ ሲያንስና ማህበር ሲበዛ ግን መምጫው ይዘገያል። ይህን ሚዛን በትክክል ሊናገር የሚችለው ኦዲተሩ ብቻ አይደለም። ከፋዩም መናገር አለበት። ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

እኛም አድርገነው እናውቃለን

«ይህ የተማሩ ሰዎች ሥራ ነው፤ ገበሬ ከምክር ቤት ምን አለው?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ከራሳችን ታሪክ ይገኛል።

የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየን የተመሠረተው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ቡና ወደ ውጭ ለመሄድ በጨረታ ማለፍ ነበረበት። ገበሬው ቡናውን ማን እንደሚጠጣው፣ በስንት እንደተሸጠ አያውቅም። ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ቡና ከጨረታው ውጭ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። በ2000 ዓ.ም. የቡና ግብይት ሕግ ተለውጦ ግብይቱ ወደ ምርት ገበያ ድርጅት ሲገባም፣ ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ምርት በቀጥታ የመላክ መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። የቡና ገበሬ ትርፍ ያገኘው ቡናው ስለተሻሻለ ብቻ አይደለም። በሕጉ ውስጥ ለዩኒየን የሚሆን በር ስለነበረ ነው።

የገንዘብ ሕግም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብልም ጭምር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመሬት የመጠቀም መብትን በመያዣነት ማስያዝን ይፈቅዳል። እነዚህ ሕጎች በረከትም አደጋም አላቸው። ብድር ያገኘ ሊያድግ ይችላል፤ ያለምክር የተበደረ ደግሞ የሚያርስበትን ሊያጣ ይችላል። እስቲ እጃችሁን አውጡ አልልም፤ በልባችሁ መልሱልኝ። ከመካከላችን እነዚህን አዋጆች ያነበበ ስንት ነው? ሲረቀቁስ የተጠየቀ ስንት ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ንግግር አብዝቼ እንዳላሰለቻችሁ በሥራ ሊውሉ ይችላሉ የምላቸውን አምስት ነገሮች ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጊዜውን እንወቅ። ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ በቅድሚያ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሚመለከታቸውን ወገኖች ጠርቶ አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ከጸደቀ በኋላ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በክልላችን ደግሞ ጨፌ ኦሮሚያ አለ፤ ሕጉም በመገለታ ኦሮሚያ ይወጣል። የመናገሪያው ጊዜ በኮሚቴው ዘንድ ሳለ ነው። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ የሚደረግ እሮሮ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ቦይ እንደመቆፈር ነው።

ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ ሦስት ሰው ይመድብ። አንድ ማንበብና መጻፍ የለመደ ወጣት፣ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ኑሮውን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም እናት። ሥራቸው በየወሩ የትኛው ሕግ እየተረቀቀ እንደሆነ መጠየቅና ለቦርዱ ማሳወቅ ይሁን። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ከመካከላቸው አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ የካሣ ገንዘብ በማን ስም ይከፈል የሚለው ጥያቄ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ አስተያየታችንን በአንድ ገጽ እንጻፍ። «ገበሬው ተበደለ» ብቻ ከተባለ ሰሚው ያዝናል እንጂ የሚጽፈው የለውም። አራት ነገር ይኑረው። የአንቀጹ ቁጥር፣ አንቀጹ በእኛ ላይ የሚያመጣው ውጤት፣ ከመዝገባችን የተወሰደ ቁጥር፣ በምትኩ ይሁን የምንለው ቃል። ቅድም ያየነው «አማካይ» እና «ከፍተኛ» የሚባሉት ቃላት ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ናቸው።

አራተኛ፣ ከሙያ ማህበራት ጋር እንተባበር፤ ግን እየጠየቅን። የሂሳብ ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የኢንቨስትመንት አማካሪ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ፈቃድህን ማን ሰጠህ? የሚከፍልህ ማን ነው? ምክርህ ቢያከስረኝ ተጠያቂው ማን ነው? አክሲዮን ግዙ እያለ በየቀበሌው ለሚዞረውም ጥያቄው ይኸው ነው። ሦስቱን በግልጽ የሚመልስ ወዳጅ ነው። በቁጣ የሚመልስ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

አምስተኛ፣ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዘን እንነሳ። የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬታቸው የሚነሱ ሰዎች መልሰው እንዲቋቋሙ ያዛል። መልሶ ማቋቋም ግን ገንዘብ ቆጥሮ መስጠት ብቻ መሆን የለበትም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ባልና ሚስት አብረው፣ ከሻጭ ምንም የማይቀበል ባለሙያ የሚያገኙበት ሥርዓት በአፈጻጸም መመሪያ ውስጥ ይግባ። ባለሙያውን ለማሰልጠንና ለመመደብ የሙያ ማህበራት ይተባበሩ። የህብረት ሥራ ዩኒየኖችና የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማህበራት ደግሞ መድረኩን ይስጡ። ይህን ጥያቄ የሂሳብ ባለሙያዎች ብቻቸውን ቢያቀርቡት «ለራሳቸው ሥራ ሲፈጥሩ ነው» ይባላል። ገበሬዎች ብቻቸውን ቢያቀርቡት «ማን ይሠራዋል?» ይባላል። አብረን ብናቀርበው ግን የሚመለሰው በአንቀጽ ነው።

መጀመሪያ የራሳችን መዝገብ

ከመቀመጤ በፊት አንድ የሚጎመዝዝ ነገር ልናገር። ሕግ አውጪ ፊት ቀርቦ «የአባሎቼን ጥቅም አስጠብቁልኝ» የሚል ማህበር፣ በቅድሚያ የአባሎቹን ገንዘብ በትክክል የያዘ መሆን አለበት። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 147 የማህበር ሂሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ደንግጓል። በ2009 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985ም የምርመራውን ግዴታ አላነሳውም። እኔ በሥራዬ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልተመረመረ መዝገብ አጋጥሞኛል። ደረሰኙ በጆንያ ታስሮ፣ የጆንያውን አፍ አይጥ በልቶት ያገኘሁበትም ጊዜ አለ። ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የዚያ ማህበር አመራሮች ሌቦች አልነበሩም። ሆኖም ከአባሎቻቸው መካከል አንዱ «ገንዘቤ የት ገባ?» ቢላቸው የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ ማህበር ምክር ቤት ሄዶ ከመዝገቤ የተወሰደ ቁጥር ይኸውና ማለት አይችልም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። መዝገባችን አጥራችን ነው።

ጥሩ መዝገብ ያለው ማህበር ግን ትልቅ ጉልበት አለው። ባለፉት አምስት ዓመታት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተመረተ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ የወተት ዋጋ በጾምና በፍስክ እንዴት እንደተለዋወጠ የሚያሳይ መዝገብ በካሣ ገማቾች ፊትም፣ በባንክ ፊትም፣ በቋሚ ኮሚቴ ፊትም ምስክር ነው። የአዲሱ አዋጅ ስሌት በሦስት ዓመት ውስጥ የነበረውን ከፍተኛ ገቢ ይጠይቃል ብያችኋለሁ። ያንን ገቢ የሚያረጋግጥ ወረቀት ማን ዘንድ ይገኛል? ምርቱን ለማህበሩ ያስረከበ አባል ደረሰኙ ማህበሩ ዘንድ አለ። በየመንገዱ ለነጋዴ የሸጠ ግን ከአፉ በቀር ማስረጃ የለውም። ለማህበር መሸጥ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ምስክርም መግዛት መሆኑን ለየአባሎቻችሁ ንገሩልኝ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እኚያ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። አይሱዙው ተፈታትቶ እንደ ብረት ተሽጧል። ልጃቸው ግን የዚያው ማህበር አባል ነው፤ ግማሽ ሄክታር ከማትሞላ መሬት ላይ ወተት ላሞች ያረባል። ባለፈው ጊዜ ሳገኘው እሱም የአባቱን ጥያቄ ጠየቀኝ። መንገድ በእሱም በኩል ያልፋል የሚባል ወሬ ሰምቷልና «ቢመጣ ምን ላድርግ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ወደ ደረሰኜ አልተመለስኩም። የወተቱን ደረሰኝ በዓመት በዓመት ለይቶ እንዲያስቀምጥ፣ ከባለቤቱ ጋር እንዲመክር፣ የቀረበለትን ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ለሦስት ሰው እንዲያሳይ ነገርኩት። ይህ ግን የአንድ ሰው ምክር ነው። እኔ ባልኖርስ? በሌላው ቀበሌ ያለው ገበሬስ ማንን ይጠይቅ? የአንድ ሰው በጎነት ለሁሉም የሚዳረሰው ሕግ ሲሆን ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ አንድ ነጥብ እንዲታከልልኝ ቦርዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዩኒየኑ ሕግ የሚከታተል ሦስት ሰው ይሰይም፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ለካሣ ተከፋዮች የሚሰጠውን የገንዘብ ምክር በተመለከተ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ይሁን። እኔም በበኩሌ በወር ሁለት ቅዳሜ ያለምንም ክፍያ ከእነርሱ ጋር ተቀምጬ ለመሥራት ቃል እገባለሁ። ከሙያ ጓደኞቼም የሚመጡ አሉ። የሚከፍለኝ ማን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፤ ማንም አይከፍለኝም።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ። ክረምቱ የጥጋብ፣ ዓመቱ የሰላም ይሁን።